ላልሰማሽው ቃል አሜን አትበይ

የእህቴ ልጅ፣ ማታ ኢርፎን ሰክተሽ የምትተኚበትን ድምፅ ላኪልኝ ብልሽ ሳትደብቂ ስለላክሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ርዕሱን አነበብኩት። ፈተና በከፍተኛ ውጤት ማለፍ፣ አንዴ ያየውን የማይረሳ አእምሮ፣ የጠራ ቆዳ፣ በራስ መተማመን፤ ይህ ሁሉ በአንድ ፋይል፣ በእንቅልፍ ሰዓት። የሚሰማው ዝናብ ብቻ ነው። ከዝናቡ ሥር ግን ጆሮ የማይለየው፣ አእምሮ ግን የሚቀበለው ቃል ሺህ ጊዜ ተደጋግሞ ተቀብሯል ይላል። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ድምፅ በመቅረጽ፣ በመቁረጥና በማደባለቅ ነው። የሰው ድምፅ ከሙዚቃና ከጫጫታ ሥር ሲቀበር ምን እንደሚሆን አውቀዋለሁ። ስለዚህ እንደ አጎትም እንደ ባለሙያም ስሚኝ።

1. ከማመንሽም ከመፍራትሽም በፊት ነገሩ ምን እንደሆነ እወቂ። ሰብሊሚናል የሚሉት ድምፅ በብዙ መንገድ ይሠራል። አንዱ "ጎበዝ ነኝ"፣ "ሁሉ ይሳካልኛል" የሚሉ ዓረፍተ ነገሮችን ቀርጾ፣ ድምፃቸውን በጣም ቀንሶ፣ ከዝናብ ወይም ከለስላሳ ሙዚቃ ሥር መክተት ነው። ሌላው ቃሉን እጅግ አፍጥኖ ብዙ ጊዜ መደራረብ ነው፤ ውጤቱ የንብ ድምፅ የመሰለ ሁካታ ይሆናል። ወደ ኋላ የሚያዞሩትም አሉ። "ድምፅ አልባ" የሚባለው ዓይነት ደግሞ ቃሉን ሰው በጭንቅ ወደሚሰማው ወይም ጭራሽ ወደማይሰማው ቀጭን ድምፅ ያወጣዋል። መንገዱ ይለያይ እንጂ ተስፋው አንድ ነው፤ ሳታውቂ፣ ሳትደክሚ፣ ተኝተሽ ትለወጫለሽ ነው የሚልሽ። አፈርሜሽን የሚሉት፣ በግልጽ ተሰምቶ ለራስ የሚደገም መልካም ቃል ግን የተለየ ነገር ስለሆነ ለብቻው አነሳዋለሁ።

2. ታሪኩ ከየት እንደተነሣ ስታውቂ ግማሹ ፍርሃትም ግማሹ ተስፋም ይለቅሻል። እ.ኤ.አ. በ1957 ጄምስ ቪካሪ የሚባል አሜሪካዊ የገበያ አጥኚ ጋዜጠኞችን ሰብስቦ አንድ ጉድ ተናገረ። በኒው ጀርሲ ግዛት፣ ፎርት ሊ ከተማ በሚገኝ ሲኒማ ቤት ፊልም በሚታይበት ጊዜ፣ በየአምስት ሴኮንዱ "ፈንዲሻ ብሉ"፣ "ኮካ ኮላ ጠጡ" የሚል ጽሑፍ ዓይን በማይዘው ፍጥነት ብልጭ አደርግ ነበር አለ። የፈንዲሻው ሽያጭ ከግማሽ በላይ፣ የኮካው ደግሞ በ18 በመቶ ገደማ አደገ ብሎ አወራ። አገሩ ተሸበረ፤ ሰው ሳያውቅ ሊታዘዝ ነው ተባለ። ድገመውና አሳየን ሲባል ግን ውጤቱ አልመጣ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ራሱ ቪካሪ አድቨርታይዚንግ ኤጅ ለተባለው መጽሔት የያዘው መረጃ ትርጉም የሚሰጥ መጠን እንዳልነበረው አመነ።

ከዚህ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ የካናዳው ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የካናዳ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን በአንድ የእሑድ ምሽት ፕሮግራሙ ላይ "አሁኑኑ ስልክ ደውሉ" የሚል ድብቅ ጽሑፍ 352 ጊዜ አሳለፈ። የስልክ ጥሪ አልጨመረም። ተመልካቹ ድብቅ መልእክት እንደሚተላለፍ አውቆ ነበር፤ ምን እንደሚል ግን አልተነገረውም። ምን ተሰማችሁ ሲባል ብዙዎቹ ራበን፣ ጠማን ብለው ጻፉ። የፈንዲሻውንና የኮካውን ወሬ ሰምተው ነበርና በመልእክቱ ውስጥ ያገኙት ይዘውት የመጡትን ነው።

3. ከጆሮሽ ቀጥሎ ዓይንሽን ምስክር አድርጊ። የላክሽልኝን ፋይል ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ በስፔክትሮግራም አየሁት። ስፔክትሮግራም ድምፅን በሥዕል ያሳያል፤ ጊዜው ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ወፍራሙ ድምፅ ከታች ቀጭኑ ከላይ ይቀመጣል፣ ጉልበቱ በቀለም ይታወቃል። የሰው ንግግር በዚህ ሥዕል ላይ የራሱ መልክ አለው። አናባቢ ሲነገር አንዱ ከሌላው በላይ የተደረደሩ መስመሮች አብረው ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ "ሰ" ወይም "ሸ" ሲመጣ ወደ ላይኛው ክፍል ብናኝ ይወጣል፤ በየመሐሉም ቅጽበታዊ ዝምታ አለ። በፋይልሽ ላይ ግን ከዳር እስከ ዳር የተነጠፈው ዝናቡ ብቻ ነው። ከ16 ሺህ ኸርዝ በላይ ደግሞ ጥቁር ነው፤ ፋይሉ ሲጨመቅ ተቆርጧል።

እ.ኤ.አ. በ1988 ፊሊፕ ሜሪክል የተባለ የካናዳ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በገበያ የሚሸጡ የሰብሊሚናል ካሴቶችን በዚሁ ዓይነት መሣሪያ መርምሮ የንግግር ምልክት አላገኘባቸውም። ሻጮቹ ሁሉ ባዶ ካሴት ሸጠዋል ማለቴ አይደለም። ቃሉን በእርግጥ የከተተው ሰው ቢኖርም እንኳ ቃሉ ከጫጫታው በጣም ዝቅ ካለ ለማንም ጆሮ የሚደርስ ነገር አይተርፍም። ወፍጮ ቤት ቆመሽ አጠገብሽ ያለች ሴት በሹክሹክታ ብትናገር ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ታያለሽ እንጂ ቃሏን አትለዪም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። "እኔ ባልሰማውም ውስጠኛው አእምሮዬ ይሰማዋል" ይላል። ነገር ግን ጩኸት ሹክሹክታን የሚውጠው ድምፁ ገና አእምሮ ጋ ሳይደርስ፣ ውስጠኛው ጆሮ ላይ ነው። በዚያ ያሉት ጥቃቅን ፀጉር መሰል ሕዋሳት በዝናቡ ተይዘዋል። ከጆሮ ያላለፈ ቃል ወደ አእምሮ የሚገባበት ሌላ በር የለውም።

በዚህ ላይ የኤምፒ3 ነገር አለ። ኤምፒ3ን የሠሩት መሐንዲሶች ፋይሉን ያሳነሱት በዚሁ በጆሮ ጠባይ ተጠቅመው ነው። ጉልህ ድምፅ የሚሸፍነውን ደካማ ድምፅ ሰው ስለማይሰማው ዝርዝሩን ይጥሉታል። ዩቲዩብም የሚያሠራጨው በተመሳሳይ መንገድ የተጨመቀ ድምፅ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ለፍቶ ከዝናብ ሥር የቀበረውን ቃል፣ ስልክሽ ጋ ሳይደርስ በፊት፣ መጭመቂያው ፕሮግራም ለጆሮ የማይጠቅም ብሎ ይጥለዋል።

በእጅሽ ሞክሪው። ኦዳሲቲ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ድምፅሽን ቅጂ፤ በ40 ዴሲቤል ቀንሺው፤ ይህም የሞገዱን ቁመት ወደ መቶኛው ማውረድ ነው። ከዝናብ ሥር አስገቢውና ኤምፒ3 አድርገሽ አስቀምጪው። ከዚያ የተናገርሽውን ለማታውቅ ጓደኛሽ አሰሚያትና ምን እንዳልሽ ጠይቂያት።

4. ጆሮሽን ጠብቂ። የሰው ጆሮ የሚሰማው ከ20 እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ገደማ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ የላይኛው እየቀነሰ ይሄዳል። እንደ እኔ ያለ ሽማግሌ የማይሰማውን ቀጭን ድምፅ አንቺ ልትሰሚው ትችያለሽ። "ድምፅ አልባ" የሚባለው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ ፓተንት ተሰጥቶታል፤ ሻጮቹም ይህን እንደ ማስረጃ ይጠቅሱታል። ፓተንት ግን ሐሳቡ የማን እንደሆነ ይመዘግባል እንጂ ሰውን ይለውጣል ብሎ አይመሰክርም። አደጋው ያለው አጠቃቀሙ ላይ ነው። ምንም ስለማይሰማሽ ድምፁን ትጨምሪያለሽ፤ የማትሰሚው ጩኸት ሌሊቱን ሙሉ ጆሮሽ ላይ ያድራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት እስከ 40 ሰዓት 80 ዴሲቤል፣ ለልጆች ደግሞ 75 ዴሲቤል ብሎ ወሰን አበጅቷል። በየሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስታዳምጪ ሳምንቱ ሳያልቅ ሰዓቱን ትጨርሺዋለሽ። ጆሮሽ ውስጥ የሚጮህ ነገር ካለ ዛሬውኑ አቁሚ። የጆሮ ሕዋስ አንዴ ከሞተ አይተካም።

5. "ግን እኮ ተለውጬአለሁ" ብለሽኛል፤ አምንሻለሁ። ለውጡን ማን እንዳመጣው ነው የምንለያየው። ይህን ጥያቄ ከሁሉ በተሻለ የፈተሸው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ ነው፤ አንተኒ ግሪንዋልድ የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅና ጓደኞቹ ናቸው የሠሩት። 237 ፈቃደኞችን አሳተፉ። በገበያ የሚሸጡ ሁለት ዓይነት ካሴቶች ወሰዱ፤ አንዱ ማስታወስን ያሻሽላል፣ ሌላው በራስ መተማመንን ይጨምራል የተባለላቸው ነበሩ። ከዚያ የከፊሎቹን መለያ ጽሑፍ አቀያየሩት። ስለዚህ አንዳንዱ ሰው "ማስታወስ" የሚል ተለጥፎበት ሲያዳምጥ የነበረው የራስ መተማመኑን ካሴት ነው። ሰዎቹም ከሰዎቹ ጋር የሚነጋገሩት አጥኚዎችም ማን ምን እንደያዘ አያውቁም ነበር።

ከአንድ ወር በኋላ ሲለኩ አንዱም ካሴት የተባለለትን አላደረገም። ሁሉም ሰው በሁለቱም መለኪያ ትንሽ ትንሽ ተሻሽሎ ነበር፤ የያዘው ካሴት ግን ልዩነት አላመጣም። ከተሳታፊዎቹ ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ደግሞ በመለያው ላይ በተጻፈው ነገር ተሻሽያለሁ ብለው አመኑ። "ማስታወስ" የሚል የተለጠፈለት ሰው በውስጡ ያለው ሌላ ሆኖ ሳለ ማስታወሴ ጨመረ አለ። የሠራባቸው ወረቀቱ ነው ልጄ። ሜሪክልም ሄዘር ስኬንስ ከተባለች ባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1992 ክብደት ለመቀነስ በሚሸጡ ካሴቶች ላይ ሞክሮ ተመሳሳይ ነገር አገኘ፤ ክብደት የሚቀንስ ድብቅ ቃል አለበት የተባለውን ያዳመጡት፣ ስለ ክብደት የሚናገር ቃል የሌለበትን ያዳመጡትና ምንም ሳያዳምጡ ተራቸውን የጠበቁት ሴቶች የቀነሱት ክብደት ተቀራራቢ ነበር። እየተመዘኑ መሆናቸውን ማወቃቸው፣ ለውጥ መፈለጋቸው፣ አበላላቸውን ማስተዋላቸው በቂ ነበር።

አንቺም ባለፈው ወር ማታ ስልክ መነካካት ትተሽ በሰዓቱ ተኝተሻል። ፈተና እንዳለብሽ በየቀኑ አስበሻል። ባዮሎጂውን ከጓደኞችሽ ጋር ተቀምጠሽ ሠርተሻል። ይህ ሁሉ ያንቺ ሥራ ነው። ያንቺን ድካም ለማታውቂው ሰው ፋይል ስትሰጪው፣ ነገ ፋይሉ ሲጠፋ ወይም ስልክሽ ሲሰረቅ ጎበዝነትሽም አብሮ የጠፋ ይመስልሻል። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

6. ከንቃት በታች ምንም አይገባም የሚልሽ ሰው ካለ እሱም ከልክ አልፏል። በፈረንሳይ ሲድ ኩይደርና ኢማኑኤል ዱፑ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 እንዳሳዩት፣ ሰው ያልለየው በፍጥነት የተነገረ ቃል ወዲያው ቀጥሎ ያንኑ ቃል ሲሰማ በጥቂቱ ፈጥኖ እንዲያውቀው ያደርጋል። በሆላንድ ደግሞ ዮሃን ካሬማንስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 የአንድ ቀዝቃዛ ሻይ ስም በስክሪን ላይ ሳይታይ ብልጭ ሲል ሰዎች መጠጡን የመምረጥ ዝንባሌ እንደጨመሩ አሳይተዋል፤ ይህ ግን በጠማቸው ሰዎች ላይ ብቻ ነው የታየው። እንዲህ ያለው ነገር በቤተ ሙከራ፣ በልክ ተዘጋጅቶ፣ ለአጭር ቅጽበት የሚታይ ነው። ያልጠማውን ሰው አላስጠማም፤ ያላጠናውንም ኬሚስትሪ አያስተምርም።

7. በፍርሃት በኩል ለሚመጡብሽም መልስ ይኑርሽ። ዘፈን ወደ ኋላ ሲዞር የሰይጣን ቃል አለበት የሚል ወሬ ወደ እኛም ደርሷል፤ ምናልባት እናትሽም ሰምታ ይሆናል። በካናዳ ሌዝብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ጆን ቮኪና ዶን ሪድ እ.ኤ.አ. በ1985 የዳዊትን መዝሙር ጨምሮ የተለያዩ ንባቦችን ወደ ኋላ አዙረው ለሰዎች አሰሙ። አዳማጮቹ የሚናገረው ወንድ ይሁን ሴት ለዩ፤ የቃሉን ፍቺ ግን በግልጽም በስውርም አላገኙትም። "እዚህ ጋ እንዲህ የሚል አለ" ተብሎ አስቀድሞ ሲነገራቸው ግን ያንኑ ሰሙት።

ነገሩ ፍርድ ቤት ድረስም ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1990 በኔቫዳ ግዛት፣ ሬኖ ከተማ፣ ልጆቻቸውን ያጡ ቤተሰቦች በዘፈናችሁ ውስጥ ድብቅ ትእዛዝ አለ ብለው ጁዳስ ፕሪስት በተባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ላይ ያቀረቡት ክስ ተሰማ። ዳኛው ሁሉን አድምጠው የተሰማው ነገር በአጋጣሚ የተገናኙ ድምፆች ውጤት እንጂ ሆን ተብሎ የተከተተ እንዳልሆነ፣ ለሞቱም ምክንያት መሆኑ እንዳልተረጋገጠ ወሰኑ። እነዚያ ወላጆች የተሸከሙት ሐዘን እውነተኛ ነበር፤ መልሱ ግን በተቀበረ ቃል ውስጥ አልነበረም።

8. መልክሽን በሚመለከት የምልሽ አጭር ነው፤ ግን ከልቤ ነው። ከላክሽልኝ ፋይል ሥር ሌሎች ርዕሶች ተደርድረው አየሁ፤ የዓይን ቀለም መለወጥ፣ ቀጭን አፍንጫ፣ ነጣ ያለ ቆዳ፣ ቁመት መጨመር። የዓይን ቀለም በዋናነት በዓይን መሐል ባለው ሜላኒን መጠን ይወሰናል። ቁመት አጥንት የሚያድግበት ጫፍ ከተዘጋ በኋላ አይጨምርም። የትኛውም ድምፅ፣ ተሰማም አልተሰማም፣ ሜላኒን አያነሣም፣ አፍንጫ አያቀጥንም። ብጉር ካስቸገረሽ የሚታከም ነገር ነው፤ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ እኔ እወስድሻለሁ። የሚያናድደኝ ግን ከመዋሸታቸውም በላይ ነው። ፊቱን ያልገለጸ ሰው በየሌሊቱ ለአንዲት ልጅ መልክሽ መለወጥ አለበት ይላታል። ያ መልእክት ድብቅ አይደለም፤ ርዕሱ ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ አንቺም ከመተኛትሽ በፊት የመጨረሻ ያነበብሽው እሱን ነው። በእነዚህ ፋይሎች ውስጥ በእርግጥ ወደ ልብሽ የሚገባ ነገር ካለ ርዕሱ ነው።

9. በግልጽ የሚባል መልካም ቃል ኃይል አለው፤ ግን እንዴት እንደሚባል እወቂ። ጆአን ዉድ የተባለች የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት ሰዎች ደወል በተሰማ ቁጥር "የምወደድ ሰው ነኝ" ብለው ለራሳቸው እንዲናገሩ አደረጉ። ቀድሞም ለራሳቸው ጥሩ ግምት የነበራቸው ትንሽ ደስ አላቸው። ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት የነበራቸው ግን ጭራሽ ከፋቸው። "የምወደድ ነኝ" ባሉ ቁጥር ያልተወደዱበት ቀን ትዝ ይላቸዋል፤ ቃሉ በውስጣቸው ካለው ጋር ይጋጫል። የራስ መተማመን ፋይል የሚፈልጉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እነዚሁ የከፋቸው ናቸው።

በሌላ በኩል ክሎድ ስቲል እ.ኤ.አ. በ1988 ባቀረበው ሐሳብ ላይ ተመሥርተው የተሠሩ ሙከራዎች አሉ። ተማሪው ስለ ጉብዝናው አይፎክርም፤ በሕይወቱ ዋጋ የሚሰጠውን ነገር፣ ቤተሰቡን ወይም እምነቱን ወይም ጓደኝነትን፣ መርጦ ለምን እንደሚወደው በራሱ ቃል ይጽፋል። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ይህ የተማሪዎችን ውጤት ከፍ አድርጓል፤ ሌሎች ቦታዎች ሲደገም ደግሞ ለውጥ አልታየም። ዋጋ አያስወጣም፤ ሞክሪው። ፈተና ሲቃረብ ከመተኛትሽ በፊት ለምን ሐኪም መሆን እንደፈለግሽ በደብተርሽ ላይ ጻፊ።

የእኛ ሰው የቃልን ኃይል ከማንም በፊት ያውቃል። አያትሽ ስትመርቅሽ ምን እንደምታደርግ አስተውዪ። አጎንብሰሽ ትቀርቢያለሽ፤ እጇን ራስሽ ላይ ታደርጋለች፤ እደጊ፣ ተመንደጊ ትላለች፤ በየመሐሉ አንቺም እዚያ ያለውም ሰው ሁሉ አሜን ይላል። ቃሉ በጆሮ ተሰምቷል፤ የተናገረችው ሴት ታውቂያታለሽ፣ ታውቅሻለች፤ ያልወደድሽው ቃል ቢኖር ዝም ማለት ትችያለሽ። አሜን ማለት መቀበል ነው፤ ለመቀበል ደግሞ መስማት ያስፈልጋል። ሰብሊሚናሉ ግን አሜን የማለትም ዝም የማለትም ፈንታ አይሰጥሽም። ሠሪው ከዝናቡ ሥር ምን እንዳለ ልታረጋግጪ አትችዪም፤ ማን እንደሆነም አታውቂም። ደግነቱ የማይሰማ ቃል አይሠራም፤ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ከሁሉ በፊት ልትሸሺው የሚገባሽ ነገር ይሆን ነበር። ለእንግዳ ሰው ጓዳሽን እንደማትከፍቺ ሁሉ፣ የሚናገረውን ነገር ለማይነግርሽ ሰው ሌሊትሽን አትክፈቺ።

10. እንቅልፍሽን ለእንቅልፍ ተዪው። ተኝቶ መማር የቆየ ምኞት ነው። ቻርልስ ሳይመንና ዊልያም ኤመንስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ የተኙ ሰዎችን የአእምሮ ሞገድ እየለኩ ጥያቄና መልስ አሰሟቸው። ጠዋት የሚያስታውሱት ገና ሳይተኙ፣ ሞገዳቸው የንቃት ምልክት እያሳየ የሰሙትን ነበር፤ በእርግጥ ተኝተው ሳለ የተነገራቸውን አላስታወሱም። እንቅልፍ ራሱ ግን ሥራ ይሠራል፤ ቀን በንቃት የተማርሽውን ያጸናዋል። አሁን አሁን ደግሞ ቀን ሲማሩ ከትምህርቱ ጋር የሰሙትን ድምፅ ተኝተው በቀስታ ሲያሰሟቸው ማስታወስን ትንሽ እንደሚያግዝ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። እነሱም ቢሆኑ የሚያጸኑት ቀድሞ የተጠናውን ነው። ያልገባ ነገር አይጸናም።

ስለዚህ ለ12ኛ ክፍል ፈተናሽ የምመክርሽ ይህ ነው። የቤተ ክህነት ተማሪ መጽሐፉን ከፍቶ ደጋግሞ በማየት ብቻ አይረካም፤ ይዘጋውና በቃሉ ይወጣዋል፣ ሲሳሳት የኔታ ያርሙታል፣ ይመለስና ይደግማል። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ሙከራ ይህንኑ በቁጥር አሳይቷል። አንድን ጽሑፍ በአራት ክፍለ ጊዜ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ 40 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ አንብበው ሦስት ጊዜ ሳያዩ በቃላቸው የጻፉት 61 በመቶውን አስታወሱ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ግን የተሻሉት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ። ስለዚህ ዛሬ ማታ አውቄዋለሁ የሚለው ስሜት ነገ አያስተማምንም። አንድ ምዕራፍ አንብቢ፣ ዝጊው፣ የምታስታውሺውን ባዶ ወረቀት ላይ ጻፊ፣ ያመለጠሽን በቀይ ሙዪ። በሁለተኛው ቀን ድገሚው፤ በሳምንቱም እንደገና። ሰዓቱንም ከምታውቂው ሥራ ጋር እሰሪው፤ "የምሳ ሳህን አጥቤ እንደጨረስኩ ፊዚክስ ሦስተኛ ምዕራፍ" ብለሽ ወስኚ። ፔተር ጎልዊትዘር የተባለ ተመራማሪ መቼና የት እንደሚያደርጉት የወሰኑ ሰዎች "አደርገዋለሁ" ብቻ ካሉት በላይ እንደሚፈጽሙት አሳይቷል። ዝናብ መስማት እንቅልፍ ካመጣልሽ አትከልከዪ፤ ዝናቡ ብቻ ያለበትን ዝቅ አድርገሽ ክፈቺ፣ ራሱ እንዲጠፋም ሰዓት ሙዪለት።

11. ገንዘብ አትክፈዪ። ቪዲዮው ነፃ ነው ብለው ጀምረው ለአንቺ ብቻ የተዘጋጀ፣ እጥፍ ኃይል ያለው ብለው የሚሸጡ አሉ። ካልሠራ ደግሞ አላመንሽም፣ ተጠራጥረሻል፣ ውኃ አልጠጣሽም ይሉሻል። ሲሠራ የእነሱ፣ ሳይሠራ ያንቺ ጥፋት የሚሆን ነገር ልብሽን ያቆስላል።

12. የመጨረሻውን የምጽፈው ጠይቄሽ ያልመለስሽልኝ ነገር ስላለ ነው። መጀመሪያ ይህን ድምፅ የፈለግሽው ለፈተና ነው ወይስ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ስላለሽ? ልብሽ እየመታ የምትነቂ ከሆነ፣ እንደማትረቢ የሚነግርሽ ሐሳብ በየቀኑ የሚመላለስ ከሆነ፣ የምግብ ፍላጎትሽ ከጠፋ፣ ይህ ጭንቀት ሊሆን ይችላል፤ ጭንቀት ሕክምና አለው። ጤና ጣቢያ ሄዶ መናገር ይቻላል፤ የአእምሮ ጤና ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎችም አሉ፤ መሄዱም ነውር የለበትም። ለእናትሽ መንገር ከከበደሽ ለእኔ ደውይልኝ፤ እኔ አስረዳታለሁ። የፈተናውን ውጤት በተመለከተ ደግሞ፣ ያለፈችውም ያላለፈችውም የእህቴ ልጅ ያቺው አንቺ ነሽ። ካላለፍሽ የሚቀጥለውን ዓመት አብረን እናቅዳለን፤ የግል ተፈታኝ ሆነሽ የምትመዘገቢበትን እኔ አጣራለሁ፤ የማስጠኛውም ወጪ በእኔ ነው።